በራሳችሁ አባባል

የማኅበራዊ ሚዲያ ሥልጠናው የተሰጠው አሰላ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ከየጤና ጣቢያው ሁለት ሁለት ሰው ተጠርቶ ከእኛ ዘንድ እኔና የመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ ሄድን። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው፤ ወደ በቆጂ በሚወጣው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሳዋልድ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

አሠልጣኙን ሳየው ደስ አለኝ። አሰላ አንድ ክፍል ተምረናል። ያኔ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የእሱ ነበር ማለት ይቻላል። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ማይክ ይዞ ሲያነብ ዘበኛው እንኳ በሩን ትቶ ይሰማዋል። አሥረኛ ክፍል ሳለን አባቴ ሞተ። ከሐዘን ተመልሼ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን ስለ አባቴ የጻፈውን አነበበ። አባቴ ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። «ግሪስ ከእጁ ለቆ የማያውቅ፣ በዚያ እጁ ግን የልጁን ደብተር አንድ ቀን እንኳ ያላቆሸሸ ሰው» ብሎ ጻፈ። ከየት እንዳወቀው እንጃ፤ ልክ ነበር። አባቴ ደብተሬን በክርኑ ነበር የሚገልጠው።

ይህ ልጅ አድጎ ከእኛ በላይ ባለው የጤና ጽሕፈት ቤት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ሆኗል። ኮት ለብሶ ፊታችን ቆመ።

«ሼር ስታደርጉ ባዶውን አታድርጉ» አለን። «የመሥሪያ ቤት ፖስት ማንም አያነብም። ሰው የሚያነበው ሰውን ነው። ሁለት መስመርም ብትሆን የራሳችሁን ጨምሩበት። የደረሰባችሁን፣ ያያችሁትን፣ በራሳችሁ አባባል ጻፉ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሼር ማድረግ ለእኛ እንደ ፊርማ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ በገጹ ላይ የለጠፈውን ሁሉ ተጭነን እናስተላልፋለን፤ ማስተላለፋችንን የሚያሳይ ስክሪንሹት በቴሌግራም ግሩፑ እንልካለን። ያልላከ ሰው ስሙ ግሩፑ ላይ ይወጣል፤ በሥራ አፈጻጸም ምዘናውም ይጠየቅበታል። ምጥ የያዛት ሴት ጥዬ፣ ጓንቴን አውልቄ ስክሪንሹት የላክሁበት ቀን አለ። ስለዚህ የድሮ ጓደኛዬ «የራሳችሁን ጻፉ» ሲል፣ እውነቴን ነው፣ ልቤ ሞቀ። ቢያንስ ሰው እንድንሆን ተፈቀደልን ብዬ አሰብኩ።

በሳምንቱ ጽሕፈት ቤቱ ስለ ጡት ማጥባት ለጠፈ። እንደ ወትሮው ሕፃን ያቀፈች ሴት ሥዕል፣ ከሥሩ ደግሞ የመመሪያ ቋንቋ። ሼር አድርጌ ከላዩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ወተቴ ሦስት ቀን እምቢ አለኝ። ስንቷን እናት አይዞሽ ይመጣል ስል የኖርኩ አዋላጅ፣ የራሴን ልጅ ታቅፌ አለቀስኩ። እናንተም ካለቀሳችሁ አትፈሩ። ኑና አብረን እናየዋለን።»

በማግስቱ አንዲት ሴት የስምንት ቀን ሕፃን ታቅፋ፣ ስልኳን በአንድ እጇ ይዛ መጣች። «ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ከሳጉሬ ነበር የመጣችው፤ በአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ ሳይጠፋ። ከእሷ በኋላም ሌሎች መጡ። ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ላይ ፖስተር ስለጥፍ ከፖስተሩ የተነሣ የመጣ ሰው አላየሁም ነበር።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ግን ቢሮው ጠራኝ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ፈሪ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከመጥፎው ይብሳል።

«ሲስተር፣ ባለሙያ ድክመቱን አደባባይ አያወጣም» አለኝ።

«ድክመት አይደለም። የሚያጋጥም ነገር ነው።»

«ከላይ ተደውሎልኛል» አለ። እሱ ዘንድ ነገር የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ከተደወለ አለቀ።

በዚያው ሳምንት የክትባት ክፍሉ ባልደረባችን በአንድ ፖስት ላይ «የእኛ ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ መቼ ነው የሚሠራው?» ብሎ ጨመረ። ያያችሁትን ጻፉ ተብሎ ያየውን ጻፈ። ከሰዓት በፊት ለጥፎ ከሰዓት በኋላ አጠፋው፤ ሁለት ቀን ፊቱ ሳይፈታ ሰነበተ።

ከዚያ በኋላ በግሩፑ አንድ ፋይል መጣ። ስከፍተው መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ለእያንዳንዱ ፖስት የምንጨምረው «የግል አስተያየት» ተጽፎ፣ በየሥራ መደቡ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ለአዋላጆች፣ ለክትባት ክፍል፣ ለካርድ ክፍል፣ ለጥበቃና ለጽዳት። ሁሉም «በግሌ» ብሎ ይጀምራል። የጽዳት ሠራተኛችን ፊደል አልቆጠረችም፤ እሷም በግሏ ምን እንደሚሰማት ተጽፎ መጣላት። ልጇ ስልኳን እየወሰደ ይለጥፍላታል።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። የጻፈው የድሮ ጓደኛዬ እንደሆነ ዐወቅሁ። አጻጻፉን የትም ባየው አልስተውም።

እኔስ ምን አደረግኩ? እንደ ሰው ሁሉ ቀዳሁ። ፋይሉን እከፍታለሁ፣ «ለአዋላጆች» የሚለውን እገለብጣለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ስክሪንሹት እልካለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ስጽፍ ማንንም ከመውቀሴ በፊት ራሴን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ይመጣል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማዋለጃ ክፍሉን አጽድተን ጨርሰን ቆመን ሳለ፣ አንዲት ሴት በር ላይ መጣች። ሳጉሬ እህል የምትነግድ፣ ጠንካራ፣ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ ሴት ናት። አታውቀኝም፤ እኔም አላውቃትም።

«ያቺ ሲስተር አንቺ ነሽ?» ብላ በአማርኛ ጀመረች፤ ወዲያው ወደ ኦሮምኛ ዞረች። ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ እናገራለሁም። «የወንድሜ ሚስት ልጅ አቅፋለች ብለሽ ለዓለም ያወራሽው አንቺ ነሽ?»

ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አደረገችው። የእኔ ገጽ ነው። የእኔ ፎቶ፣ የእኔ ስም፤ ከሥሩም፦ «በግሌ የዚህችን እናት ፈገግታ ሳይ የዓመታት ድካሜን ሁሉ እረሳለሁ። እናትም ልጅም በሰላም! ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?» የሚል ተጽፏል። ጠዋት የለጠፍኩት ነው። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ፎቶው አልከፈት ብሎኝ ሳላየው አስተላልፌዋለሁ።

አሁን ተከፍቶ አየሁት። የማውቃት ሴት ናት። የእናቶች ማቆያው በር ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ፊት ለፊቷ ገንፎ ቀርቦላት ትስቃለች። ከፎቶው በላይ ጽሕፈት ቤቱ በእሷ አፍ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «በማቆያው ስቆይ የጎደለብኝ ነገር አልነበረም። ዛሬ ልጄን በሰላም ታቅፌያለሁ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

የእናቶች ማቆያ ማለት ቤታቸው የራቀ ወይም እርግዝናቸው የሚያሰጋ ሴቶች መውለጃቸው እስኪደርስ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የሚያርፉበት ቤት ነው። የእኛው ከዚያ ሐሙስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በእንግዶች ፊት ሲመረቅ እኔም ነበርኩ። የዚያን ቀን በርሜሎቹ ሁሉ ውኃ ሞልተው፣ ገንፎው በቅቤ ወዝቶ፣ አልጋዎቹ አዲስ ብርድ ልብስ ለብሰው ነበር። ጓደኛዬም ካሜራውን አንግቶ ይዞር ነበር። ቤቱ ሳይመረቅ ሥራ ጀምሮ ስለነበር ይህች ሴት ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ጽንሱ በሆዷ ውስጥ ተጋድሞ ስላገኘሁት፣ «ቤትሽ ምጥ ከጀመረሽ አደጋ ነው፤ እዚህ ቆዪ፣ ሲደርስ አሰላ እንልክሻለን» ብዬ ለምኜ ያስገባኋት እኔ ነኝ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዱቄቱ ሳምንት አልቆየም። ቧንቧው ደረቀ። ማገዶ የሚያመጣ የለም። ሴቶቹ ያን ሆዳቸውን ይዘው ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ ይወርዱ ጀመር። ለኃላፊው ነገርኩት፤ «ለላይ ጽፈናል» አለኝ። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ አልጋዋ ባዶ ነው። ቤቷ ልጆች አሏት፤ እዚህም የምትበላው የላት፤ ሄደች። ምጧ ቤቷ ያዛት። አምቡላንስ ሌላ ቦታ ነበር። በፈረስ ጋሪ አድርገው ሲያመጧት ጆሮዬን ሆዷ ላይ ደፍቼ የጽንሱን የልብ ምት ፈለግሁ። ፈለግሁ። የለም። አሰላ ልከናት እሷ ተረፈች። የሕፃኑን አስከሬን ባልየው በነጠላ ጠቅልሎ ይዞ ተመለሰ።

ይህን የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ፣ «ፈገግታዋን ሳይ ድካሜን እረሳለሁ» ያልኩት።

«ዴራ የሚኖር ዘመድ አለን» አለች የባሏ እህት። ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሏል፤ እሱ ነው የባሰብኝ። «መርዶው ያልደረሳቸው ነበሩ። ይህን አይተው ወንድሜ ጋ ደወሉ። እንኳን ደስ አለህ፣ አላህ ያሳድግልህ አሉት። ስልኩን ዘግቶ በሬዎቹ ጋ ሄዶ ቆመ። እስካሁን እዚያው ነው። ምን ብዬ ልመልሰው?»

ይቅርታ አልኳት። ይቅርታ የሚለው ቃል እንደዚያ ቀን ትንሽ ሆኖብኝ አያውቅም። እዚያው ፊቷ ፖስቴን አጠፋሁ። «የሌሎቹስ?» አለችኝ። ከእኛ ጤና ጣቢያ ብቻ ሃያ ምናምን ሰው ለጥፎታል። ከየጤና ጣቢያው ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ለጓደኛዬ ደወልኩ። ጤና ይስጥልኝ እንኳ አላልኩትም።

«የማቆያውን ፎቶ አሁን አጥፋ።»

«የቱን? የምትስቀዋን? በጣም ጥሩ ተቀባይነት ያገኘ ፖስት እኮ ነው። ከላይ አመስግነውናል።»

«ልጇ ሞቷል።»

«አላወቅኩም» አለ።

«አልጠየቅክም። አፏ ውስጥ ቃል ስትጨምር፣ ስለ ወለደችው ልጅ ስትጽፍ፣ ወልዳለች ወይ ብለህ አንድ ሰው አልጠየቅክም።»

«ፎቶውን ሳነሳ ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። ጽሑፉ… ምሳሌ ነው። እናቶች በአጠቃላይ የሚሉትን ነው ያጠናከርኩት። የተለመደ አሠራር ነው።»

«አጥፋው።»

«እኔ ብቻዬን ማጥፋት አልችልም። ለዘመቻው የተመረጠ ነው። ሰኞ እጠይቃለሁ።»

ሰኞ! ሐሙስ ላይ ሆኖ ሰኞ ይለኛል። ስልኩን ልወረውረው ነበር፤ የማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ሴራሚክ ነው፣ ተውኩት።

የዚያን ዕለትና ዓርብ በየክፍሉ ዞርኩ። «አጥፉልኝ» አልኩ። አብዛኛው ሰው ምን እንደለጠፈ እንኳ አያውቅም ነበር። የካርድ ክፍሏ ልጅ አንብባው አፏን ይዛ ቀረች። የመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ «ለምዘናው ይቆጠርብኛል እኮ፣ እስከ ሰኞ ብንጠብቅስ?» አለኝ፤ የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። አጠፋ።

የጽዳት ሠራተኛችን ልብስ እያጠበች ነበር። ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ። ፖስቱን አጥፍቼ ልመልስላት ስል፣ «እስቲ አንቺ ልጅ፣ ሌላስ ምን ብያለሁ?» አለችኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«በእኔ ስም የወጣውን አንብቢልኝ። ልጄ ዝም ብሎ ይጫናል እንጂ አያነብልኝም።»

አነበብኩላት። «በግሌ ንጹሕ ውኃ በጤና ጣቢያችን በበቂ መኖሩ ሥራዬን አቅልሎልኛል።» እጇን ከሳሙናው አውጥታ ቀና አለች። ውኃውን ከወንዝ በጀሪካን ተሸክማ የምታመጣው እሷ ናት። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና፣ «እኔ እንዲህ ብያለሁ?» አለች። «እኔ? በዚህ ወገቤ? ሁሉንም አጥፊው። አንድም እንዳታስቀሪ።» ሳጠፋው ከጎኔ አልተንቀሳቀሰችም። አንዱን አጥፍቼ ስጨርስ «ደግሞ?» ትለኛለች።

ቅዳሜ ወደ ሴትየዋ ቤት ሄድኩ። የባሏ እህት እስከ መንገዱ ማብቂያ በጋሪ ወሰደችኝ፤ ከዚያ በእግር ወጣን። ገብሱ ገና አልታጨደም፤ ነፋሱ ፊት ይጋረፋል። አማቷ ደጅ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «እንዴት ዋሉ፣ እማማ?» አልኳቸው በኦሮምኛ። ፊታቸውን አዞሩ። ትክክል ነበሩ።

እሷ ውስጥ ባቄላ ትፈለፍላለች። ከስታለች። ቁጭ በይ አላለችኝም፤ ተቀመጥኩ።

«የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ሳላነበው ነው። ፎቶሽ መሆኑንም አላየሁም።»

ባቄላውን ሳታቆም መለሰችልኝ። «ማንበብ የማልችለው እኔ ነኝ። አንቺ ትችያለሽ።»

ከፊቷ ካለው ባቄላ አንሥቼ እኔም መፈልፈል ጀመርኩ።

ቆይታ፣ «የምስቅበትን ፎቶ ያነሳ ጊዜ ልጄ ሕያው ነበረች» አለችኝ። «ትራገጥ ነበር። ለዚያ ነው የሳቅኩት። ሰውየው ሳቂ ብሎኝ አይደለም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ኢንተላ ቱርቴ።» ሴት ልጅ ነበረች ማለቷ ነው። «ማንም ምን ነበረች ብሎ አልጠየቀኝም። አንቺም አልጠየቅሽኝም።»

እውነት ነው፤ አልጠየቅኳትም። አሰላ ላኳት፣ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፣ ሌላ ምጥ ተቀበልኩ።

«ምን ላድርግልሽ?» አልኳት።

«ፎቶዬን ከዚያ ላይ አስጠፊልኝ። ሁለተኛ ደግሞ፣ ጽፈሽ የለ? እንደገና ጻፊ። ስሜን አትጻፊ። መልኬን አታሳዪ። ለምን ከዚያ ቤት እንደወጣሁ ጻፊ። ሰው ሁሉ 'ምን ጎድሎባት ወጣች፣ ልጇን በገዛ እግሯ ገደለች' ይለኛል። ፎቶው ላይ ገንፎ አለና።»

ይኸ ነው ያቃጠለኝ፤ እስካሁንም የሚያቃጥለኝ። ውሸቱ ሐሰት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ጥፋቱን አንሥቶ እሷ ላይ ነው ያስቀመጠው። ሁሉ ተሟልቶላት ሳለ ትታ የሄደች ሴት አደረጋት፤ የጎረቤት አፍ የቀረውን ጨረሰ። እኔም «በግሌ» ብዬ መሰከርኩ።

ሰኞ መጣ፤ ፎቶው አልጠፋም። ማክሰኞ ጽሕፈት ቤቱ ስለ ማቆያዎች ሌላ ፖስት አወጣ፤ ሕንፃው ብቻ የሚታይበት። «አገልግሎቱ በተሟላ ሁኔታ እየተሰጠ ይገኛል» ይላል። ሼር አደረግኩትና ፋይሉን ሳልከፍት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«እኔ በዚህ ቤት ሴቶችን አስገባለሁ። ገንፎ ያለው እንግዳ በመጣ ቀን ነው። ዱቄቱ ሲያልቅ፣ ቧንቧው ሲደርቅ፣ እርጉዞች ከወንዝ ውኃ ሲቀዱ አይቻለሁ። አንዲት እናት ተርባ ወጣች። ቤቷ ምጥ ያዛት። ልጇ ሞተች፤ ሴት ልጅ ነበረች። እናቲቱ አላጠፋችም። እዚያ ቆዪ ብለን የምትቆይበትን ያልሰጠናት እኛ ነን። ከዚህ በፊት በስሜ ደስ ብሎኛል ብዬ የለጠፍኩት ሐሰት ነው፤ አጥፍቼዋለሁ።»

ከዚያ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ተመለስኩ።

በማግስቱ ተጠራሁ። የእኛ ኃላፊ፣ ከላይ የመጡ አንድ ሰው፣ የድሮ ጓደኛዬ፤ ሦስት ሆነው ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀመጡ። የመጡት ሰውዬ ጽሑፌን በወረቀት አትመው ይዘዋል። ሕፃን ሞተች የሚለውን ትተው «ገንፎ ያለው እንግዳ በመጣ ቀን ነው» የሚለው ላይ አሥምረዋል።

«ችግር ካለ በአሠራር ነው የሚቀርበው» አሉኝ።

«ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ኃላፊው ያውቃል።»

ኃላፊው ብዕሩን ይመለከት ጀመር።

«የተዘጋጀልሽን ለምን አልተጠቀምሽም?» አለ ጓደኛዬ። ድምፁ የቢሮ ድምፅ ነበር።

ያኔ ነው የፈነዳሁት። «አንተ ስለ አባቴ ስትጽፍ ማን አዘጋጀልህ?» አልኩት። «የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆነህ እጁን አይተህ ጻፍክ። አሁን ሰው ሆነህ፣ የወር ደመወዝ እየተከፈለህ፣ ልጇ የሞተችባትን እናት ልጅ ታቅፋለች ብለህ ትጽፋለህ? ሰው የሚያነበው ሰውን ነው ያልከን አንተ አይደለህም?»

በወረቀት የታተመውን ጽሑፌን ወደ ራሱ ስቦ ዓይኑን እዚያ ላይ ጣለ። ይመልስልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድበኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ሰውዬው በመጨረሻ ነገሩን እንደ ገበያ አቀረቡት። የእኔ ጽሑፍ ከጠፋ፣ የሴትየዋም ፎቶ ዛሬውኑ ከገጹ ይነሣል። ካልጠፋ ግን ጉዳዩ በዲሲፕሊን ይታያል፤ ፎቶውም «በሂደት» ይታያል። የአንዲት ሐዘንተኛ ፎቶ መያዣ ሆነ ማለት ነው! በሕይወቴ ሰው ለመምታት የፈለግኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

ውጭ ወጥቼ ለባሏ እህት ደወልኩ፤ ስልኩን ለእናቲቱ ሰጠችልኝ። ሁሉን ነገርኳት። ብዙ አላሰበችም። «ፎቶው ይነሣ» አለች።

«የጻፍኩት ግን ይጠፋል።»

«የባሌ እህት አንብባልኛለች። ዴራም ደውላ አንብባላቸዋለች። ባሌም ሰምቷል። የሚሰማው ሰው ሰምቷል፤ ፎቶው ይነሣ።»

ገብቼ እፊታቸው አጠፋሁት። የእንግዳው ሰው ፊት ወዲያው ፈካ፤ «እንዲህ መግባባት ነው የሚያስፈልገው» አሉኝ። አልተግባባንም። ፎቶው ከገጹ ሲነሣ በገዛ ዓይኔ አይቼ ነው ከክፍሉ የወጣሁት።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በሳምንቱ ደረሰኝ። በምዘናዬ ላይ «ለተቋሙ ገጽታ ግንባታ ያላት ተነሳሽነት ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ሠፈረ። ፈረምኩበት፤ ከፊርማዬ ጎንም የማቆያው ቧንቧ ዛሬም ደረቅ መሆኑን ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ የተሰጠኝን አልለጠፍኩም፤ ስሜ በግሩፑ በየሳምንቱ ይወጣል፣ ይውጣ። የጽዳት ሠራተኛችንም ስልኳን ለልጇ አትሰጥም። ጓደኛዬን አንድ ቀን አሰላ መናኸሪያ አገኘሁት። ቡና እንጠጣ አለኝ፤ ሚኒባሱ ሊሄድብኝ ነው አልኩት። ሚኒባሱ ገና አልሞላም ነበር።

ነገሩ ግን አላለቀም። ባለፈው ወር የባሏ እህት ደወለችልኝ። ያው ፎቶ፣ ያው ሳቅ፣ ስለ እናቶች ጤና በሚያወራ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ወጥቷል። ሰዎቹ እኛን አያውቁንም፤ ከእኛው ገጽ ከመጥፋቱ በፊት አውርደው አስቀምጠውት ነው። ከሥሩ ያቺኑ የእኔን «በግሌ» አድርገውበታል፤ ስም የለውም፣ «አንዲት አዋላጅ እንዳለችው» ይላል።

ጻፍኩላቸው። ይህች እናት ፎቶዋ እዚህ እንዲወጣ ፈቃድ አልሰጠችም፣ የተባለውም ሐሰት ነው፣ አንሡት አልኳቸው። «አንቺ ማን ነሽ?» ብለው መለሱልኝ። አዋላጇ ነኝ አልኩ። «ማስረጃ አለሽ?» አሉኝ። በሰው አፍ ቃል ሲጨምሩ ማስረጃ ያልጠየቁ ሰዎች አሁን ከእኔ ማስረጃ ይሻሉ። መታወቂያዬን ፎቶ አንሥቼ ላክሁ፤ ሦስት ቀን ጠበቅሁ፣ ፎቶው አልተነሣም። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስወጣ ከፎቶው ሥር አስተያየት ለሰጡት ሰዎች አንድ በአንድ መጻፍ ጀመርኩ። ስንት እንደሆኑ አላየሁም። አንዳንዶቹ ሰድበውኛል፤ አንዲት ሴት ግን «ምን ሆና ነው? ልጇስ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ለእሷ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩላት።